ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የተረት ሰዓት እንዴት ይመራል? ሐዋሳ ላይ የተሞከረ መመሪያ

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የህፃናት ተረት ሰዓት ብዙዎቻችሁ ሞክራችሁ ትታችሁታል። ታሪኩም ይመሳሰላል። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ እናቶች መጡ፣ አንባቢዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ረጅም ተረት ጀመረች። በሦስተኛው ደቂቃ አንዱ አለቀሰ። በአምስተኛው ሌላው መደርደሪያ ስር ገባ። በአሥረኛው ተረቱን የሚሰማ አንድም ሰው የለም፤ እናቶች «አርፈህ ተቀመጥ!» እያሉ ልጅ ያሳድዳሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ግማሹ ቀረ።

እኔም ሐዋሳ ላይ የጀመርኩት እንደዚያው ነው። 30 ልጅ ጠራሁ፣ ስፒከር ተበደርኩ፣ የ40 ደቂቃ ፕሮግራም ጻፍኩ። ስፒከሩ ሲጮህ ልጆቹም አብረው ጮኹ። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ቁጭ ብሎ አይሰማም። እየዳኸ፣ መጽሐፉን እያኘከ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሰማው።

ሌላም ዘግይቶ የገባኝ ነገር አለ። ዋናው ተማሪ ልጁ ሳይሆን ይዞት የመጣው ሰው ነው። ልጁ እናንተ ጋ የሚቆየው በሳምንት ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከእናቱ፣ ከአያቱ ወይም ከሞግዚቱ ጋር ግን ሙሉ ሳምንት አለ። እነሱ ቤት ሄደው የሚደግሙት ነገር ካልያዙ ልፋታችሁ ውሃ በላው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ይህን እያሰባችሁ አንብቡ።

ደረጃ 1፦ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ

ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ አድርጉት። በዚህ ሰዓት አብዛኛው ልጅ ቁርሱን በልቷል፣ የጠዋት እንቅልፉንም ጨርሷል። ወደ 6 ሰዓት ሲጠጋ ረሃብና እንቅልፍ አብረው ይመጣሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሐዋሳ ሙቀት አለ።

ቀኑን አንዴ ከቆረጣችሁ አትቀያይሩት። ዛሬ ማክሰኞ፣ ለሚቀጥለው ሐሙስ ካላችሁ ሰው ይጠፋባችኋል። በዓላቱን ግን አስቀድማችሁ እዩ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው፤ ልጅ አዝሎ በዚያ ሰው መሃል ማለፍ አይሞከርም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጫምባላላ ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለያይ፣ እንደተነገረ የዚያን ሳምንት ፕሮግራም ሰርዙና ወዲያው ለሰው አሳውቁ።

ቦታው ላይ የሚመጣው ትልቁ ጣጣ ተማሪው ነው። ቤተ መጻሕፍቶቻችንን የሚሞላው ደብተሩን ይዞ ለፈተና የሚያጠና ልጅ ነው። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ አጠገብ 10 ህፃን ማስጨብጨብ ጠብ መፈለግ ነው። ስለዚህ፦

1. በር ያለው የተለየ ክፍል ጠይቁ። ከሌለ በረንዳ፣ እሱም ከሌለ ግቢ ውስጥ ያለ የዛፍ ጥላ።
2. ከሳምንት በፊት በንባብ ክፍሉ በር ላይ «ማክሰኞ ከ4፡00 እስከ 4፡45 የህፃናት ፕሮግራም አለ፤ ድምፅ ይኖራል» የሚል ወረቀት ለጥፉ።
3. ለጥበቃው በአካል ንገሩ። ወረቀት የማያነብ ተማሪ መጥቶ የሚነጫነጨው እሱ ላይ ነው።

«ሐይቅ ዳር ብናደርገውስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተዉት። ውሃው አንድ ስጋት ነው፤ ጦጣ ብስኩት ለመንጠቅ ትመጣለች፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከላይ ያለውን ሁሉ ምንጣፉ ላይ ይለቀዋል። ለፎቶ ያምራል እንጂ ለሥራ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ ስንት ልጅ? ከማን ጋር?

ከ10 እስከ 12 ልጅ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ሲጨመር ክፍሉ ውስጥ ከ20 በላይ ሰው አለ ማለት ነው። ፈላጊ ከበዛ ቡድኑን አታስፉት፤ ሁለተኛ ሰዓት ክፈቱ። ከቻላችሁ መራመድ ያልጀመሩትን ለብቻ፣ የሚሯሯጡትን ለብቻ አድርጉ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሯጩ የተኛውን ይረግጠዋል።

በቴሌግራም ግሩፕ ወይም በስልክ መዝግቡና ሲመዘገቡ አራት ነገር ንገሩ፦

- ልጅ ብቻውን አይቀመጥም፤ ያመጣው ሰው አብሮት ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል።
- ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ሳል ያለበት ልጅ እስኪሻለው ቤት ይቆይ።
- ቆሎና ፈንዲሻ ይዞ መግባት አይቻልም። መሬት የወደቀችውን አንዲት ፍሬ ዳኺው ከናንተ ቀድሞ ያገኛታል፤ ታንቀዋለች።
- 10 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ኑ።

ታላላቆች አብረው መምጣታቸው አይቀርም። አታባርሯቸው፤ ሥራ ስጧቸው። የ6 ዓመቱ ልጅ ሻሽ አዳይ ሆኖ ከተሾመ ከናንተ በላይ ቁም ነገረኛ ይሆናል። የ10 ዓመት ልጅ ታናሿን አዝላ ብቻዋን ብትመጣም አትመልሷት። ከአንዲት እናት አጠገብ አስቀምጧት።

ደረጃ 3፦ ክፍሉን በጉልበታችሁ ፈትሹት

ልጆቹ ከመምጣታቸው ግማሽ ሰዓት በፊት በሩን ዝጉና ክፍሉን ራሳችሁ ዳኹበት። አትሳቁ። ቆማችሁ የማይታያችሁ ሶኬት፣ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከጠረጴዛ ስር የወጣ ሚስማር፣ የወደቀ ስቴፕል ሁሉ ከዚያ ከፍታ ይታያል።

- የሚወዛወዝ መደርደሪያ ካለ ከግድግዳ ጋር ይታሰር፤ ካልሆነ ቦታ ቀይሩ። ልጅ ቆሞ ለመሄድ የሚይዘው እሱን ነው።
- ሰሌን ከታች፣ ወፍራም ምንጣፍ ወይም ስስ ፍራሽ ከላይ አንጥፉ። ሰሌን ብቻውን ጉልበት ይፍቃል።
- ጫማ በር ላይ ይወልቃል። የናንተም ጭምር።
- ወንበሮቹን አውጡ፤ ለአያቶችና ለነፍሰ ጡር ሁለት ሦስት ብቻ ግድግዳ ጥግ አስቀሩ።
- ዳይፐር መቀየሪያ አንድ ጥግ ለዩ፦ ፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ሳሙና፣ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ። ቧንቧው ውሃ ባይኖረው ብላችሁ አንድ ጀሪካን ሞልታችሁ አስቀምጡ።
- የሚጠባ ልጅ ባለበት ይጥባ። ለማጥባት «እዚያ ክፍል ግቢ» የተባለች እናት ሁለተኛ አትመጣም።

የምታቀርቡትን መጫወቻ ሁሉ በሶፍት ካርቶን ፈትኑ፤ ሶፍቱ ሲያልቅ የሚቀረውን ጥቅል ማለቴ ነው። በውስጡ ማለፍ የሚችል ዕቃ ሁሉ ለዚህ ዕድሜ ያንቃል። ፊኛም አይገባም፤ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል።

ቡና ለማፍላት ትፈተናላችሁ። ሽታው ደስ ይላል፣ እናቶችም ይወዱታል። ግን ከሰልና የፈላ ጀበና ዳኺ ልጅ ባለበት ክፍል አይታሰብም። ካስፈለገ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ከባልደረቦቻችሁ ጋር ጠጡት።

ደረጃ 4፦ መጽሐፉን ራሳችሁ ሥሩ

ለዚህ ዕድሜ የሚሆን ወፍራም ገጽ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ገበያ ላይ እንደልብ አይገኝም። በስስ ወረቀት የታተመው በአንድ ሳምንት ይቀደዳል። ስለዚህ ሥሩት። አንድ ከሰዓት ይበቃል።

1. የጫማ ካርቶን ቁረጡ፦ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር፣ 6 ገጽ።
2. የእያንዳንዱን ገጽ ማዕዘን በመቀስ ክብ አድርጉት። ሹል ማዕዘን ዓይን ይወጋል።
3. በአንድ ገጽ አንድ ሥዕል ብቻ ለጥፉ። ልጁ በየቀኑ የሚያየው ነገር ይሁን፦ ባጃጅ፣ አሳ፣ ጀልባ፣ ውሻ፣ ጀበና። ፎቶ አንስታችሁ ፎቶ ቤት ማሳተም ትችላላችሁ። የህፃን ፊት ያለበት አንድ ገጽ አይቅር፤ ፊት የማይወድ ህፃን አላየሁም።
4. ጥቂት ወር ለሆናቸው ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ማርከር ደማቅ ክብና መስመር ሣሉ። እነሱ ቀድመው የሚለዩት ጎላ ያለ ነገር ነው።
5. ከሥሩ በትልልቁ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
6. ላሚኔት አስደርጉት፤ ወይም በሰፊ ስኮች ሙሉ በሙሉ ሸፍኑት። ምራቅ የማይገባበት መሆን አለበት።
7. ቀዳዳ በስታችሁ በጫማ ክር አጠር አድርጋችሁ እሰሩት። ስቴፕለር አትጠቀሙ፤ ሽቦው ይወልቅና አፍ ይገባል።

እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ይሄ ነው፦

*አሳው የት አለ?*
*ጀልባው ላይ? የለም።*
*ድንጋዩ ስር? የለም።*
*አባ ኮዳ አፍ ውስጥ? ኧረ የለም!*
*ውሃው ውስጥ? አለ! አሳው አለ!*

ያው ነው፣ ሌላ የለውም። ጅቡና አህያዋ፣ ጦጣና አንበሳው የሚባለው ተረት ግሩም ነው፤ ግን ለ5 ዓመት ልጅ ነው። እዚህ የሚሠራው መደጋገም ነው። «የለም» ሲባል ሁሉም መዳፉን ይዘረጋል። ማንበብ የማትችል አያትም ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ አብራ ትላለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው «እኔ አላነብለትም» ብሎ እንዳይቀር የሚያደርገው ይሄ ነው።

አንድ ትልቅ ለራሳችሁ፣ አንድ አንድ ትንሽ ለእያንዳንዱ ልጅ አዘጋጁ። 12 ካርቶን መጽሐፍ መሥራት ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን «መጽሐፉን ነጠቀኝ» የሚለው ችግር ያን ቀን ያበቃል።

ደረጃ 5፦ 25ቱ ደቂቃዎች

«ሰዓት» ተባለ እንጂ 25 ደቂቃ ነው። ከዚያ አታስረዝሙ፤ ቢያምርም እንኳ።

*በር ላይ።* ተንበርክካችሁ በልጁ ቁመት ተቀበሉ። ሰላምታችሁ በሚያውቁት ቋንቋ ቢሆን ፊታቸው ይፈታል፤ ሐዋሳ ላይ በሲዳምኛ «ኬሬ» ወይም በወላይትኛ «ሳሮ» የምትል አንዲት ቃል ብዙ በር ትከፍታለች። ፊቱ በነጠላ የተሸፈነ ህፃን ካለ አትግለጡት፣ «ውይ ሲያምር!» እያላችሁም አትጩኹ። «ያሳድግልሽ» በሉ፣ በቃ። ፎቶ ያለ ፈቃድ አይነሳም።

*ከ0 እስከ 3 ደቂቃ፦ ስም።* መሬት ላይ ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ። እያጨበጨባችሁ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ጥሩ፦ «ማን መጣ? ማን መጣ? … መጣች!» ሁሉም እጁን ያውለብልብላታል። የዘገየ ሰው ሲገባ አታቋርጡ፤ ስሙን መሃል ላይ ጨምሩት።

ከዚያ ለትልልቆቹ ይህን በአንድ ትንፋሽ ንገሩ፦ «ልጅ ቢሄድ፣ ቢድህ ችግር የለም። ካለቀሰ ወጣ ብላችሁ ተመለሱ። እናንተ ግን አብራችሁ በሉ።» በየሳምንቱ ድገሙት። እናቶችን የሚያስጨንቃቸው የሰው ዓይን ነው፤ ይህን ሲሰሙ ትከሻቸው ሲወርድ ታያላችሁ።

*ከ3 እስከ 6፦ አካል።* አፍንጫ፣ ጆሮ፣ ሆድ። ቀስ ብላችሁ፣ እየነካችሁ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። እዚህ ላይ «ስታጥቡት ይህንኑ በሉት» በሏቸው። ማብራሪያችሁ ከዚህች ዓረፍተ ነገር አይርዘም።

*ከ6 እስከ 9፦ መጽሐፉ።* «ተረት ተረት!» በሉ፤ ትልልቆቹ «የላም በረት!» ይላሉ። ይህ ጥሪ ተረቱን ለመተረት ሳይሆን «አሁን መጽሐፍ ነው» ለማለት ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ ሲሰሙት ዞር ይላሉ። መጽሐፉን ከፊታችሁ ጎን ያዙ፣ ፊታችሁን አትሸፍኑ። አንድ ገጽ አንብቡ፣ እስከ ሦስት ቁጠሩ፣ ከዚያ ግለጡ። ያቺ ዝምታ ትልቅ ነገር ናት። ልጁ መልስ የሚሰጠው በእሷ ውስጥ ነው፤ በጩኸትም ይሁን እግሩን በመወርወር።

*ከ9 እስከ 13፦ ባጃጅ።* ሁሉም ልጁን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል (ታቦር የሐዋሳው ተራራ ነው)፦

*ባጃጅ መጣች፣ ጥርርርር!*
*ኮብልስቶን ላይ፣ ድርድርድር!*
*ጉድጓድ ገባች፣ ዷ!*
*ታቦር ስር ስትደርስ፣ ቀጥ!*

«ዷ!» ሲባል ጉልበት ዝቅ ይላል፤ «ቀጥ!» ሲባል ሁሉም ይደርቃል። ሦስት ጊዜ። ማስጠንቀቂያ፦ አንገቱን ያልቻለ ህፃን አይዘለልም። እሱን ደረት ላይ አስደግፎ ማወዛወዝ ብቻ ነው። ህፃን በኃይል መነቅነቅ አንጎሉን ይጎዳል፤ የጎረመሱ አጎቶች ሲመጡ ይህን ቀድማችሁ ተናገሩ።

*ከ13 እስከ 16፦ ሻሽ።* ስስ ሻሽ አድሉ። ትልቁ ሰው የራሱን ፊት ይሸፍንና «አኩኩሉ!» ይላል፤ ሌላው «አልነጋም!»፤ ከዚያ «ነጋ!» ብሎ መግለጥ። የልጁን ፊት በግድ አትሸፍኑ፤ አንዳንዱ ይደነግጣል።

*ከ16 እስከ 19፦ ያው መጽሐፍ እንደገና።* አዎ፣ ያው። አሁን ትንንሾቹን ኮፒ አድሉ፤ እያንዳንዱ ሰው ለልጁ ያንብብ። እናንተ ዝም በሉ። ክፍሉ ውስጥ 12 ድምፅ በአንዴ ሲያጉረመርም ትሰማላችሁ። እኔ የምወዳት ደቂቃ ይህቺ ናት።

*ከ19 እስከ 22፦ ማንኳኳት።* ትንሽ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎ ጨምራችሁ ክዳኑን በሱፐር ግሉ አጣብቁና በስኮች ጠቅልሉት። ከፕሮግራሙ በፊት እያንዳንዱን በሙሉ ጉልበት ለመክፈት ሞክሩ። ከተከፈተ ጣሉት። ጮክ፣ ቀስ፣ ጮክ፣ ዝም።

*ከ22 እስከ 25፦ እሹሩሩ።* መብራቱን አጥፉ ወይም መጋረጃ ሳቡ፤ ድምፃችሁ ዝቅ ይበል። ልጅ ታቅፎ መወዛወዝ። ከዚያ እንደ መጀመሪያው በስም ደህና ሁኑ። አጀማመርና አጨራረሱ መቼም አይቀየርም።

ይህንኑ ፕሮግራም ለ4 ሳምንት ያለ ለውጥ ድገሙት። የሚሰለቸው እናንተን ነው። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ያያል፣ በሁለተኛው ያስታውሳል፣ በሦስተኛው ይሳተፋል። ከ4 ሳምንት በኋላም መጽሐፉን ብቻ ቀይሩ።

«ድምፄ አያምርም» የሚል ሰው ደግሞ አለ። ይዘፈን። ዳኛ የለም።

ደረጃ 6፦ ሲበላሽ

*አንዱ ሲያለቅስ ሌሎቹ ተከተሉት።* ድምፃችሁን ከለቅሶው በላይ አታንሱ። ቃል የሌለው ዜማ በዝግታ ጀምሩና ትልልቆቹ ታቅፈው ይነሱ፤ ክፍሉን አንዴ ዙሩ። ከዚያ የቀረውን ዘልላችሁ ወደ ባጃጇ ግቡ።

*አንዱ ይሯሯጣል።* ተዉት፣ በሩ ግን ይዘጋ። እየሮጠም ይሰማል። ሌላ ልጅ ላይ ከወጣ ብቻ «ናማ፣ ገጹን ግለጥልኝ» ብላችሁ ጥሩት።

*ሞግዚቷ ስልኳ ላይ ናት።* በሰው ፊት አትገሥጿት። በአብዛኛው ምን እንደሚጠበቅባት የነገራት የለም። አጠገቧ ሂዳችሁ ተቀመጡ፣ ሻሹን በእጇ ስጧት፣ ስሟን ጠይቁ። በሚቀጥለው ሳምንት በስሟ ስትጠሯት ለውጡን ታያላችሁ።

*ከጀርባ የማይወርድ ልጅ።* እንደታዘለ ይቆይ። እናቱ ቆማ ትወዛወዝ። እኔ ጋ አንዱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ተከታትሏል፤ በአራተኛው ወርዶ መጽሐፉን ያዘ።

*ተናከሰ፣ ፀጉር ጎተተ።* ለያዩ፣ የተጎዳውን አባብሉ፣ ቀጥሉ። ስብከት አያስፈልግም። የሁለቱን እናቶች ፊት ግን እዩ፤ ከፕሮግራሙ በኋላ ለሁለቱም ለየብቻ አንድ ቃል በሉ።

*መብራት ጠፋ።* ምንም አልሆነም። መጀመሪያውኑ በመብራት የሚሠራ ነገር ካልተጠቀማችሁ ማንም አያስተውለውም።

*«ቲቪ እንክፈትላቸው?»* የሚል አለቃ ወይም ወላጅ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም። ይህን በትህትና ንገሩና ወደ ሻሹ ተመለሱ።

ደረጃ 7፦ ካለቀ በኋላ

ወዲያው አትበትኑ። 15 ደቂቃ ልጆቹ በመጽሐፎቹ ይጫወቱ፣ ትልልቆቹ ያውሩ። «የኔ ልጅ እስካሁን አያወራም» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ነው። ሐኪም አትሁኑ፤ ጤና ጣቢያ ጠይቁ በሉ። ለእያንዳንዱ ሰው የባጃጇን ግጥም በትንሽ ወረቀት ስጡ፤ በድምፅ ቀድታችሁ ቴሌግራም ግሩፑ ላይም ልቀቁ፤ ማንበብ የማይችሉትም ያገኙታል።

መጫወቻና ካርቶን መጽሐፉን ያን ቀኑኑ አጽዱ፦

1. በሳሙናና በውሃ ምራቁን አስለቅቁ።
2. 5% የሚል በረኪና 10 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ።
3. መጫወቻውን 10 ደቂቃ ዘፍዝፉ። መጽሐፉን ግን በተነከረ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ አትዘፍዝፉት።
4. በንጹህ ውሃ አለቅልቁ ወይም ጥረጉ፣ ንፋስ ላይ አድርቁ።

ሻሾቹ ይታጠቡ። ከዚያ ደብተር ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ስንት መጣ፣ የቱ ሠራ፣ የቱ ፈረሰ። በክረምት ቁጥሩ ይወርዳል፤ ዝናብ እየዘነበ ባጃጅ ፍለጋ ማንም ልጅ ይዞ አይወጣም። ይህን ካልጻፋችሁ በነሐሴ «ሰው ጠላን» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ።

ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣስ? በሰዓቱ ጀምሩ። ክቡን አጥብቡት፣ ስማቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ ጥሩ፣ ባጃጇን ስድስት ጊዜ ንዱ። ዘግይቶ በሩን የሚከፍት ሦስተኛ ሰው ካለም ባጃጇ እየተነዳች ይድረስ።